ከኮርኒሱ በላይ የዘረጋነው ገመድ

ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኮርኒሱ ነው። እንደምን ዋላችሁ እያልኩ፣ ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳምኩ፣ ዓይኔ ግን ላይ ነው። ዘመዶቼ ሸረሪት ያየሁ ይመስላቸዋል። አንዷ የአጎቴ ልጅማ እንግድነት ልሄድ ነው ስላት ቀድማ ጣራዋን ትጠርጋለች አሉ። የምፈራው ሸረሪት አይደለም። ከዚያ ከነጩ ሰሌዳ በላይ ምን ተኝቶ ይሆን እያልኩ ነው። መሰላል መውጣት ከተውኩ ወዲህ ፍርሃቱ ይቀልልኛል ብዬ ነበር፤ ባሰበት። ድሮ ስፈራ ወጥቼ አይ ነበር። ዛሬ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ከታች ሆኜ መገመት ብቻ ቀረልኝ።

ሥራዬ ሕንፃ ውስጥ የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። «እናኑ፣ ኢንተርኔት ደግሞ ከምኔው አወቅሽ?» ይሉኛል። አላወቅሁም። በገመዱ ውስጥ የሚሄደው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ፎቶ ነው ይሉኛል፣ ድምፅ ነው ይሉኛል። እኔ የማውቀው ገመዱን ነው፤ ቆዳውንና ሥጋውን።

ትምህርት ቤት ደጃፉን አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ በዋርካ ሥር ነው። ይህንንም የምጽፈው በዚያው በዋርካው ፊደል ነውና ቢንጋደድ ታገሡኝ። የተወለድኩት ፎገራ፣ ርብ ወንዝ ዳር ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃው ደጅ ድረስ መጥቶ ሰላም የሚልበት አገር። የፎገራ ልጅ ከእናትና ከአባት ስም ቀጥሎ የሚማረው፣ ውኃ ሲመጣ ወደ ላይ መውጣትን ነው። አባት «ቆጥ ላይ» ይላል። ልጁ፣ ዶሮው፣ የዘሩ ጆንያ ከጣራው ሥር በተረበረበው እንጨት፣ ቆጡ ላይ ይወጣል። ከብቱ ወደ ከፍታው፣ ወደ ተረተሩ ይነዳል። ቆሞ የሚያስብ የለም፤ እግር ራሱ ያውቀዋል። እኔ አራስ ሆኜ እንኳ ልጄን ትርንጎን በአንድ እጄ ይዤ ቆጥ ላይ ወጥቻለሁ። እንዴት እንደወጣሁ ብጠየቅ አላስታውሰውም።

ባለቤቴ ሲሞት መሬቱን የሚያርስልኝ አጣሁና ትርንጎን አዝዬ ወረታ ከተማ ገባሁ። መጀመሪያ ግንባታ ላይ ውኃና አሸዋ ተሸካሚ ነበርኩ። የቀን ሒሳቤን አንዱ አለቃ ቶሎ፣ አንዱ አሽቶ አሽቶ ይሰጠኝ ነበር፤ እሱን ልተወው።

አያ ምናሴን ያገኘኋቸው አንድ መሥሪያ ቤት ሲሠራ ነው። ከወሎ የመጡ ገመድ ዘርጊ ናቸው። ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲያቋርጣቸው ዝም የሚሉ ሰው ነበሩ። ያን ቀን በኮርኒሱ ቀዳዳ ገብቶ ገመዱን የሚስብላቸው ሰው ፈለጉ። ወንዶቹ ትከሻቸው አላስገባ አለ። ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ፤ ባልዲዬን እንደያዝኩ።

«አንቺ ሴት፣ ጨለማ ትፈሪያለሽ?»

«እንዴታ፣ እፈራለሁ።»

«በይ ነይ። የማይፈራ ሰው ኮርኒስ ውስጥ አላስገባም።»

ባልዲዬን አስቀምጬ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ውኃ አልተሸከምኩም።

ጠባያቸውን ልንገራችሁ። አንድ ሕንፃ ስንገባ ዕቃቸውን በር ላይ ያኖሩና እስከ መጨረሻው ክፍል ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ በዳሰሳ ደጅ ድረስ ይመጣሉ። ግንበኞቹ ይሥቁባቸው ነበር።

«አያ ምናሴ፣ ድብብቆሽ ተጀመረ?» ይላል አንዱ።

«አዎን። ፈላጊው ግን ገና አልመጣም» ይላሉ።

እኔንም እንዲሁ አስለመዱኝ። «ጭስ ሲመጣ ዓይን የለሽም እናኑ። እሳትና ጭስ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ አንቺ ወደ ታች ነሽ። ጎንበስ፣ በእጅሽ፣ ወደ ታች» ይሉኛል። እኔም እሺ እላለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ደረጃ ስወርድ ግን ወደ ውኃ የምገባ ነበር የሚመስለኝ።

ገመድ ሲመርጡ ደግሞ ይፋግ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ነበር የሚመስሉት። የኛ አገር ገዢ ሻጩ የሚለውን አይሰማም፤ ጥርሱን ያያል፣ ቆዳውን ይቆነጥጣል፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል። አያ ምናሴም ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሕፈት ያነቡና «ይህ ሻጩ ያለው ነው። አሁን ገመዱን እንጠይቀው» ይላሉ። ጫፉን ቆርጠው ቆዳውን ይገፉታል። ውስጡ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። አንዱን በቢላ ይፍቁታል። እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ሲፋቅ ነጭ ካወጣ አልሙኒየም ነው፤ መዳብ የተቀባ። ካሜራን የመሰለ፣ መብራቱንም በዚያው ገመድ የሚስብ ዕቃ ከተቀጠለበት ይህ ነጩ ይግላል። ብዙ ሆኖ ሲታሠር ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ቀጥሎ ቆዳው ነው። ክንድ የምታህል ቆርጠው ደጅ ይወጣሉ፤ ነፋሱን ከጀርባቸው ያደርጉና ክብሪት ይጭራሉ። ደግ ቆዳ እሳትን የሚቀበለው እየተግደረደረ ነው። ስስ፣ ነጣ ያለ ጭስ ያወጣል፤ ክብሪቱ ሲነሣ እሱም ይጠፋል። ክፉው ግን ጥቁሩን ይተፋዋል። ራቅ ብለሽ ቆመሽ እንኳ ጉሮሮሽን ይነክሰዋል። «እሳቱ እኮ ዘግይቶ ነው የሚደርስ። ቀድሞ የሚደርሰው ይኸ ነው» ይሉኝ ነበር ጥቁሩን እያሳዩ። ሰው ቤት ውስጥ ደጉን ብቻ ነበር የሚዘረጉት። ለዝናብና ለፀሐይ የሚሠራ ቅባት የሞላበት ጥቁር የደጅ ገመድም አለ፤ እሱን ቤት ማስገባት ችቦ ማስገባት ነው፤ ከግድግዳው እንዳለፈ ያስቆሙታል። ገመድ ከወለል ወደ ወለል የሚያልፍበትን ቀዳዳም ሳይደፍኑ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። ያልተደፈነ ቀዳዳ ጭሱን ከታችኛው ፎቅ ወደ ላይኛው ይመራዋልና።

እንዲህ እያልን ሐሙሲት ሠራን፣ ይፋግ ሠራን፣ ወረታ ደግሞ ያልገባንበት ፎቅ ጥቂት ነው። ይፋግ ስንሠራ አይጥ አስቸገረን። ክረምት የሩዙ ማሳ ውኃ ሲሞላ አይጡ ሁሉ ተሰድዶ ከተማ ይገባል፤ ገመዳችንን እንደ ሸንኮራ ይመጠው ጀመር። አንዱ አለቃ «ድመት እቀጥርላችኋለሁ» አለን። አያ ምናሴ ድመቷን ትተው ገመዱን በቱቦ አለበሱት። ድመቷ ግን መጣች፤ ምሳችንን ስትበላ ከረመች። ያ ጊዜ ደግ ነበር። ብፈራም እሳቸው ስላሉ ነበር የምፈራው፤ ብቻዬን አልነበርኩም።

አሁን ወደማልወደው ልምጣ።

ወረታ ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ ዛሬ የለም። ክረምቱ ሲገባ ባለቤቱ ገመድ ዘርጉልኝ አለን። ጥቅሎቹን እሱ ራሱ ከአንድ ነጋዴ ገዝቶ አመጣ። ሰማዩ ያን ሰሞን አላባራ ብሎ ነበር። አያ ምናሴ የመጀመሪያውን ጥቅል በሩ ሥር ቆመው ፋቁት፤ ቀይ ነው። ዝናቡ ጋብ ባለች ቅጽበት አቃጠሉት፤ ጭሱ ስስ ነው። የቀሩትን ሊያቃጥሉ ሲወጡ ዝናቡ ክብሪቱን አጠፋባቸው። ደግመው ጫሩ፤ ደግሞ ጠፋ። ካርቶኖቹን አገላብጠው አዩ። «ማኅተሙ አንድ ነው፤ ከአንድ ሰው ነው የመጣ» አሉና መፋቁንም ተዉት። ጀመርን። እኔ ነኝ በኮርኒሱ ውስጥ የሳብኩት፤ ጥቅሉ በእጄ ላይ ነው ያለፈው።

እዚያ ቤት ስንዱ የምትባል አንሶላ አጣቢ ነበረች። የርብ ዳር ልጅ ናት፤ የእናቷን ቤትና የኛን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። አፏ አያርፍም። እኔ ከኮርኒሱ እግሬን አንጠልጥዬ ስወርድ ባየችኝ ቁጥር «ይእ፣ እናኑ፣ ባል ከላይ አገኘሽ እንዴ?» ትለኛለች። እኔም «አግኝቻለሁ፤ አቧራ ነው» እላታለሁ። እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ሰላም ስትለኝ የሳሙናው ሽታ እጄ ላይ ይቀራል።

ሥራውን ጨርሰን ወጣን። እንግዶቹ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንቅልፍ ነሣን ብለው ኖሮ፣ ባለቤቱ ከኛ በኋላ ኮርኒሱ ላይ የሩዝ ገለፈት ነሰነሰበት። የሩዝ ወፍጮ የሚተፋውን ቅርፊት ማለቴ ነው። ወረታ ውስጥ ገለፈት በየወፍጮው ደጅ እንደ ተራራ ተከምሮ ይውላል፤ ማንም ሰው ጆንያ ሞልቶ ይወስዳል። ድምፅ ያፍናል፣ እውነት ነው። ነገር ግን እሳት ሲነካው አይንቀለቀልም። ውስጥ ውስጡን ይበላል። ላዩ እንደ ነበረ ነው፤ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ታቹ ፍም ነው። ማንም አልነገረን፤ እኛም ተመልሰን አላየንም።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ እኩለ ቀን። ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ሰው ወደ መንገዱ መሮጥ ጀመረ። ስደርስ ነበልባል የሚባል አላየሁም። በየመስኮቱ ጥቁር ነገር፣ እንደ ጎርፍ ውኃ የወፈረ፣ እየተጎተተ ይወጣ ነበር። ሽታውን አወቅሁት። አያ ምናሴ ደጅ ቆመው ክፉውን ቆዳ ሲያቃጥሉ የሚሸተው ሽታ ነው። እግሬ ከዚያ ወዲያ አልሄደም።

እንግዶቹ እያሳሉ ወረዱ። ስንዱ መካከለኛው ፎቅ ላይ አንሶላ እየሰበሰበች ነበር። ከክፍሉ ስትወጣ ደረጃው ከፊቷ ነው፤ ወደ ታችም ይሄዳል፣ ወደ ላይም ይሄዳል። ወደ ላይ ወጣች። የጣራው በር ተቆልፎ ነበር። ያገኟት እዚያ በሩ ሥር ነው፤ አንሶላውን አልጣለችውም።

ልቅሶው ቤት አንድ ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ «ምን ነካት? መውጫው ከታች መሆኑ ጠፍቷት ነው?» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አዝኖ ነው። የስንዱ እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። የርብ ዳር ሰዎች ሁላችንም እግራችንን ነበር የምናይ። መጥፎ ነገር ሲመጣ ወደ ላይ ነው፤ ሌላ አልተማርንም። አያ ምናሴ ስንት ጊዜ ያስለመዱኝ እኔ እንኳ እዚያ ብሆን ወደ ላይ እንደምሮጥ ያን ቀን አወቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ፍርሃቴ ያልለቀቀኝ።

ምን እንደጀመረው በእርግጥ የሚያውቅ የለም። የመብራቱ መስመር ነው ያሉ አሉ፤ የካሜራው ገመድ ግሎ ነው ያሉ አሉ። አያ ምናሴ ከሥራው የተረፉትን ቁርጥራጮች ሰብስበው ደጃቸው ተቀምጠው ፋቋቸው። ከመጀመሪያው ጥቅል በቀር ነጭ ነበሩ። አቃጠሏቸው፤ ጥቁር ነው። ክብሪቱን ወደ ኪሳቸው መለሱና «ዓይን መጨፈኑን ላንቺ አስተማርኩ እናኑ። ለገመድ ሳቢ። አንሶላ ለምታጥበው ሳላስተምር ወጣሁ» አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጥቅል ሳያቃጥሉ አይጀምሩም። ዝናብ ቢሆን ጃንጥላ እይዝላቸዋለሁ። አንድ ሕንፃ ስንጨርስም ጽዳት የምትሠራውን፣ ዘበኛውን፣ ሻይ የምታፈላውን ሰብስበው አንድ በአንድ ዓይናቸውን አስጨፍነው ወደ ታች ያስወርዷቸው ነበር። ሰዉ ይሥቃል፤ እሳቸው አይሥቁም። ታመው ወደ አገራቸው ከሄዱ በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። እኔ ከሌሎች ጋር ሠርቼ ሠርቼ ጉልበቴ ሲከዳኝ ቤቴ ገባሁ። እስከዚህ ያለው የሥራዬ ነገር ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ከተውኩት በኋላ የመጣብኝ ነው።

ልጄ ትርንጎ የሕፃናት መምህርት ናት። ብዙ ዘመን በሰው መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ቆይታ የራሷን ልትከፍት ቆረጠች። ያገኘችው ቤት የአቶ ውበቱ ነው፤ ሩዝ ነጋዴ ናቸው፣ ደግ ሰው። ከሥር የቆርቆሮ ሱቅ፣ አንደኛ ፎቅ የትርንጎ ልጆች፣ ከዚያ በላይ ቢሮዎች። ወንበሩ ገብቷል፣ ፊደሉ ግድግዳው ላይ ተሥሏል፣ ወላጆች ልጆቻቸውን አስመዝግበዋል። የትርንጎ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ቃል፣ ከተመዝጋቢዎቹ አንዷ ናት።

መርቂልኝ ብላ ወሰደችኝ። ገና በሩ ላይ ስደርስ ዓይኔ ወደ ላይ ሄደ። ኮርኒሱ አንድ ጥግ ላይ ገና አልተዘጋም። በዚያ ሽንቁር የላይ ቢሮዎች ገመድ ይታያል፤ እንደ ጥጃ አንገት የወፈረ እስር ሆኖ ከልጆቹ ወንበር በላይ ያልፋል። ከዚያ ወደ ደረጃው ይወጣና በወለሉ ቀዳዳ ወደ ላይ ይሄዳል። ቀዳዳው አልተደፈነም፤ በጎኑ የላይኛው ፎቅ ብርሃን ይታያል። መሬት ላይ ቁራጭ ወድቆ ነበር፤ አነሣሁት።

«እማየ፣ ዛሬን እንኳ ተይው» አለች ትርንጎ።

«እመርቅሻለሁ ልጀ። ይህችን ብቻ ልፋቃት።»

«ሠርግ ቤት ኮርኒስ፣ ልቅሶ ቤት ኮርኒስ። ስንዱ ከሞተች ወዲህ ቀና ሳትይ የገባሽበት ቤት የለም። ወላጆች ቢሰሙሽ አንድ ልጅ አይመጣልኝም። ያለኝን ሁሉ እዚህ ነው ያፈሰስኩ።»

እውነቷን ነው። ለዚያ ቤት ያልሸጠችው የለም። እኔም ቁራጩን በጥፍሬ ፋቅሁት። ነጭ ወጣ። ጨብጬው ወጣሁ።

ሥራውን የምትቆጣጠረዋን መሐንዲስ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ወጣት ናት፣ ከባሕር ዳር የመጣች። ቁራጩን ሳሳያት ፊቷ ላይ ያየሁት ድካም ነው። «አውቃለሁ እማማ። ንድፉ ላይ የጻፍኩት ሙሉ መዳቡን፣ ጭሱ አነስተኛ የሆነውን ነበር። ገበያ ላይ ጠፋ ተባለና ይህ መጣ። ተናግሬያለሁ፤ ደግሜም ተናግሬያለሁ» አለችኝ። ይሄ የበለጠ አስፈራኝ። የማያውቅ ሰው ቢሆን አስረዳው ነበር። የሚያውቁት እያወቁት ከሆነ የተንጠለጠለው፣ ማን ያወርደዋል?

አቶ ውበቱ ዘንድ ሄድኩ። ትርንጎ ተከተለችኝ፤ እንዳላበላሽባት ነው።

«እትየ እናኑ፣ ቤቱ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ይነድዳል እንዴ?» አሉኝ እየሣቁ።

«ብሎኬቱስ አይነድም ጌታየ። እኔ የምፈራ የገመዱን ጭስ ነው።»

«አያስቡ። እንዲያውም የላይ ሰዎች ኮቴ ልጆቹን እንዳይረብሻቸው፣ ኮርኒሱ ሳይዘጋ ከወፍጮየ ገለፈት አስመጥቸ አስነሰንስላቸዋለሁ። ያለ አንዳች ክፍያ።»

በደግነት ነው ያሉት። እኔ ግን የሱቃቸው የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ውኃ አመጡልኝ። ትርንጎ ፊቴን አየችና ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ።

በሳምንቱ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ቤቱን ሊያዩ መጡ። ልጆቹ አዲሱ ወንበር ላይ ተደርድረው እግራቸውን ያወዛውዛሉ። ትርንጎ ጠመኔዋን እንደያዘች፣ ማንም ሳያስበው፣ «ልጆች፣ ድንገት የሚያስፈራ ነገር ቢመጣ ወዴት ነው የምንሮጠው?» አለች። እኔን ልታሳፍረኝ ይሁን ራሷን ልታረጋጋ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ጣቶቹ ሁሉ ወደ ላይ ተቀሰሩ። አንዱ «ቆጥ ላይ» አለ። ቃል ጫማዋን እንዳደረገች ወንበሯ ላይ ወጥታ ቆማ ነበር። ወላጆቹ ሣቁ፤ «ጎበዞች» አሉ። አንዱ አባት ልጁን ራሱ ላይ ደባበሰው።

ትርንጎ አልሣቀችም። ቀስ ብላ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለች። በሕይወቷ ሙሉ ስትቆጣኝ የኖረችበትን ነገር እሷው አደረገችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ባላየው ይሻለኝ ነበር። ፍርሃቴን ልጄ ላይ አየሁት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዋን አቶ ውበቱ ዘንድ ሄደች። ምን እንደተባባሉ የነገረችኝ በቁንጽል ነው። ገመዱ ካልተቀየረ አልከፍትም ብላቸዋለች። ተቆጥተዋል። ቤቱን ለሌላ አከራያለሁ ብለዋል። እሷም «ያከራዩት። ገለፈቱን ግን ለማንም አይነስንሱ» ብላ ወጣች። በማግሥቱ ራሳቸው ደወሉ። ለካ እሳቸውም የልጅ ልጅ አላቸው፤ ማታ ትርንጎ የነገረቻቸውን ያንን ጥያቄ ጠይቀውት ኖሯል። ወደ ላይ ብሎ ጠቆማቸው።

ከልጆቹ በላይ ያለው ገመድ ወረደ። አዲሱ ሲመጣ ትርንጎ ከእያንዳንዱ ጥቅል ቆርጣ ደጅ ወጣች፤ ነፋሱን ከጀርባዋ አድርጋ አንድ በአንድ አቃጠለች። መሐንዲሷ አጠገቧ ቆማ አብራት ታይ ነበር። ቀዳዳውንም አስደፈነችው። ገለፈት አልገባም። የደረጃውን ገመድ ግን አቶ ውበቱ የቢሮዎቹ ሥራ እንዳይቋረጥ ብለው ለሌላ ጊዜ አቆዩት። እቀይረዋለሁ ብለዋል። ይቀይሩታል ብዬ አምናለሁ። እስኪቀየር ድረስ ግን እዚያው ነው።

ትርንጎ ልጆቹን በየቀኑ ታለማምዳቸዋለች። ዓይን ይጨፈናል፣ እጅ ግድግዳ ላይ፣ ጎንበስ፣ ወደ ታች። ጨዋታ አድርጋዋለች፤ ይወዱታል። ሲወርዱ ሣቃቸው መንገዱ ድረስ ይሰማል። እኔም ደስ ይለኝ ጀምሮ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ከሥር ያለው ሱቅ ቆርቆሮ ሲያራግፍ አንዱ አመለጠና አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ድምፁ ቤቱን አናወጠው። እኔ ደረጃው አፍ ላይ ነበርኩ። ልጆቹ ከክፍሉ ፈልሰው ወጡ። ብዙዎቹ እንደ ተማሩት ወደ ታች ሮጡ። ጥቂቶቹ ግን፣ ቃል ከፊታቸው ሆና፣ ወደ ላይ። ስጠራት አልሰማችኝም። መሐል ደረጃው ላይ ቆማ ለምን እዚያ እንደደረሰች ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። እግሯ ነው ያወጣት።

አሁን በየጠዋቱ ከትርንጎ ጋር እሄዳለሁ። ከልጆቹ ፎቅ ወደ ላይ በሚወስደው ደረጃ፣ መጀመሪያው እርከን ላይ ጋቢዬን አጥፌ እቀመጣለሁ። የላይ ቢሮ ሰዎች «እማማ፣ ያሳልፉን» እያሉ በጎኔ ይሻገራሉ። የልጅ ልጇን የምትጠብቅ ባልቴት ናት ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ከራሴ በላይ፣ በግድግዳው ጥግ፣ ያ ገመድ ያልፋል። አፍንጫዬን ቀና አድርጌ አሸታለሁ፤ ደግሜ አሸታለሁ። ጭስ ቢመጣ ልሮጥ እንደማልችል አውቃለሁ። የተቀመጥኩት ልሮጥ አይደለም። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ወደ ላይ የሚመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚገባው እጄ ውስጥ ነው።